የንግድ ስምና የዕቃ አስተማማኝነት፤ ስለ ላፕቶፕ አመራረጥ የቀረበ ንግግር




የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ስለ ላፕቶፕ ኮምፒዩተር አመራረጥ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ርእሱ በሻይ ሰዓት የሚወራ እንጂ በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ከመድረክ የሚነገር አልመሰለኝም ነበር። ነገሩን ሳሰላስለው ግን አሳቤን ለወጥሁ። ዛሬ ከመካከላችን ያለ ላፕቶፕ የሚሠራ ማን አለ? የድልድዩ ስሌት፣ የመንገዱ ፕላን፣ የክፍያው ሰነድ፣ የቅየሳው መረጃ ሁሉ የሚያርፈው በዚያች በአንዲት ቀጭን ዕቃ ላይ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዋጋዋ ለአንድ ጀማሪ መሐንዲስ የብዙ ወራት ደመወዝ ሆኗል። እንግዲህ በምርጫው መሳሳት ቀላል ጉዳት አይደለም።

ወዳጅ ዘመድ ላፕቶፕ ሊገዛ ሲያስብ ወደ እኛ መጥቶ የሚያቀርበው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የትኛው ስም ይሻላል?» ይላል። እኛም መሐንዲስ ተብለን «አላውቅም» ማለት ስለሚያሳፍረን አንዳችን ዴል፣ ሌላችን ኤች.ፒ.፣ ሦስተኛው ሌኖቮ ብለን እንመልሳለን። መልሳችን አብዛኛውን ጊዜ የተመሠረተው በእጃችን በገባ አንድ ወይም ሁለት ዕቃ ላይ ነው። ነገሩ የኮንክሪት ጥንካሬ ቢሆን ኖሮ፣ ከአንድ ናሙና ተነሥቶ የሚፈርደውን ባልደረባ እንገሥጸው ነበር። በዛሬው ንግግሬ ለማስረዳት የምሞክረው ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑንና በእርሱ ፈንታ ምን መጠየቅ እንደሚገባን ነው።

ከራሴ ስሕተት

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በአንድ የገጠር የመጠጥ ውኃ ሥራ ላይ ሳለሁ ስምንት ላፕቶፖች እንዲገዙ ተፈቀደ። የግዥ ኮሚቴው «አንተ መሐንዲስ ነህና ምረጥልን» አለኝ። እኔም ብዙ ሳልደክም የአንድ ታዋቂ ኩባንያ ስም ጠራሁ። ምክንያቴ ቀላል ነበር፤ በንብረት ክፍላችን ውስጥ የዚያው ኩባንያ የሆነ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይበላሽ ሲያገለግል አይቼ ነበር። የተፈቀደው ገንዘብ ለስምንት እንዲበቃም ከዚያው ስም ረከስ ያለውን ዓይነት መረጥን።

ሁለተኛው ክረምት ሳያልፍ የሦስቱ የስክሪን ማጠፊያ ከፕላስቲኩ ተገንጥሎ ወጣ። አራተኛው ደግሞ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ቻርጀሩ እንደ ተሰካ ጠፋና ዳግመኛ አልበራም። በውስጡ የአሥራ አንድ ቀን የቅየሳ መረጃ ነበር። ዕቃውን ይዤ አዲስ አበባ ድረስ መጣሁ። ጠጋኙ ከፈተና ካየው በኋላ፣ መረጃው የሚቀመጥበት ክፍል ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ማንበብ እንደማይችል ነገረኝ። ሁለቱ ወጣት ቀያሾቻችን የአሥራ አንዱን ቀን ሥራ ጭቃ እየረገጡ እንደገና ሠሩት። የመዘግየቱ ዕዳ በመጨረሻ የወደቀው እንስራ ተሸክመው ወደ ወንዝ በሚወርዱት ላይ ነው። የመረጃውን ግልባጭ በሌላ ቦታ አለማስቀመጤ የራሴ ጥፋት ስለሆነ በዕቃው ላይ አላላክክም። የዕቃው ምርጫም ቢሆን የእኔው ነበር።

አሮጌው ላፕቶፕ ግን ያን ጊዜም ይሠራ ነበር። በአሮጌውና በአዲሶቹ ክዳን ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው። ይህን ባየሁ ጊዜ ነው፣ ስሙ ነገረኝ ብዬ ያሰብሁት ነገር ምን እንደ ነበር ራሴን መጠየቅ የጀመርሁት።

ስም የሚነግረንና የማይነግረን

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። በኮምፒዩተር ንግድም ስም ከባለቤቱ በላይ ይቆያል። ቲንክፓድ የተባለውን ላፕቶፕ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ያወጣው አይ.ቢ.ኤም. ነው። የኮምፒዩተር ክፍሉን በ2005 ለቻይናው ሌኖቮ ሲያስረክብ ስሙም አብሮ ተላለፈ። ከላፕቶፕ ቀዳሚዎች አንዱ የነበረው፣ በ1985 ቲ1100 የተባለውን ዕቃ ለገበያ ያቀረበው ቶሺባ፣ በ2018 ከኮምፒዩተር ንግዱ 80.1 በመቶውን ለሻርፕ ሸጠ። የቀረውን ድርሻ በ2020 አስረክቦ ከንግዱ ወጣ፤ ዕቃዎቹም ዳይናቡክ በሚል ስም ይሸጣሉ። ሶኒም ቫዮ የተባለውን ክፍል በ2014 ለሌላ አሳልፏል። (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዘመኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህም ሌላ፣ ስሙ የተጻፈበት ኩባንያና ዕቃውን የሚሠራው ኩባንያ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ኳንታ፣ ኮምፓል፣ ዊስትሮንና ኢንቬንቴክ የሚባሉ የታይዋን ድርጅቶች ለብዙዎቹ ታዋቂ ስሞች ላፕቶፕ ይሠራሉ። ሁለት ተፎካካሪ ስሞች ከአንድ ሠሪ እጅ ሊወጡ ይችላሉ ማለት ነው። በውስጥ ያሉት ክፍሎችማ ይበልጥ የተቀራረቡ ናቸው። በ2006 ሶኒ የሠራቸው የባትሪ ሴሎች የመጋየት አደጋ ስለታየባቸው ዴል ብቻውን 4.1 ሚሊዮን ባትሪዎችን ከገበያ እንዲመለሱ አደረገ፤ አፕልና ሌሎችም ተከተሉት፤ ጠቅላላው ቁጥር 9.6 ሚሊዮን ያህል ደረሰ። በ2008 ደግሞ የኤንቪዲያ የሥዕል ማቀነባበሪያ ቺፖች በአስተሻሸጋቸው ጉድለት ምክንያት እየተበላሹ፣ ኤች.ፒ.፣ ዴልና አፕል በአንድነት ችግሩ ደረሰባቸው። በእነዚያ ዓመታት ስም አማርጦ ከአንዱ ወደ ሌላው የሸሸ ገዢ ከጉድለቱ አላመለጠም።

«በቁጥር የተደገፈ ጥናት የለምን?» የሚል ይኖራል። አለ። ስኩዌር ትሬድ የተባለ የአሜሪካ የዋስትና ኩባንያ በ2009 ከ30,000 በላይ ላፕቶፖችን መርምሮ ውጤቱን አሳትሟል። በእርሱ ግምት በሦስት ዓመት ውስጥ ከ100 ላፕቶፖች 31 ያህሉ ይበላሻሉ፤ 20.4 በመቶው በራሳቸው ጉድለት፣ 10.6 በመቶው በመውደቅ፣ ፈሳሽ በመፍሰስና በመሳሰለው አደጋ። ከስሞቹ መካከል ዝቅተኛው የብልሽት መጠን 15.6 በመቶ፣ ከፍተኛው 25.6 በመቶ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች እንደ መሐንዲስ እንያቸው። በአንደኛውና በመጨረሻው ስም መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ አሥር ነው። ይህ ለአንድ ሺህ ላፕቶፕ ገዢ ድርጅት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው ግን፣ ከሁሉ የተሻለው ስም ቢሆን እንኳ ከስድስት ወይም ከሰባት አንዱ በሦስት ዓመት ውስጥ ይበላሻል ማለት ነው። ሻይ የሚደፋበትና ዕቃው ከጠረጴዛ የሚወድቅበት ሰው የሚያደርሰው ጉዳትም በስሞች መካከል ካለው ልዩነት አያንስም። የመጨረሻው ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት አሱስ፣ ቶሺባና ሶኒ ነበሩ። ቀደም ብዬ እንደገለጽሁት ከሦስቱ ሁለቱ በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህ ንግድ ወጥተዋል። የስም ደረጃ የሚነግረን ትናንት ስለተሠሩ ዕቃዎች ነው፤ እኛ ግን የምንገዛው ዛሬ የተሠራውን ነው።

በአንድ ስም ሥር ያሉ ልዩ ልዩ ዕቃዎች

ከስም ይልቅ የሚጠቅመን የዕቃውን መደብ ማወቅ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቢያንስ ሁለት መደብ አላቸው፤ አንዱ ለቤት ተጠቃሚ፣ ሌላው ለመሥሪያ ቤት። ዴል ለቤት ኢንስፓይሮን፣ ለመሥሪያ ቤት ላቲቲዩድ ሲል ቆይቷል። ኤች.ፒ. ለቤት ፓቪሊዮን፣ ለመሥሪያ ቤት ኤሊትቡክና ፕሮቡክ፤ ሌኖቮም አይዲያፓድና ቲንክፓድ። እነዚህ መጠሪያዎችም ቢሆኑ ይለወጣሉ። ዴል በ2025 መጀመሪያ ላይ የቆዩትን ትቶ ለመሥሪያ ቤት የሚሆኑትን ዴል ፕሮ ብሎ መጥራት ጀምሯል። ስለዚህ ልናስታውሰው የሚገባን መጠሪያውን ሳይሆን ልዩነቱን ነው።

የልዩነቱ ምንጭ የገዢው ጠባይ ነው። የቤት ዕቃ ገዢ በሱቅ ቆሞ ዋጋና መልክ ያወዳድራል። ሠሪውም ወጪ የሚቀንሰው ገዢው በማያየው ቦታ፣ ማለትም በማጠፊያው፣ በማራገቢያውና በቻርጀር መሰኪያው ላይ ይሆናል። የመሥሪያ ቤት ገዢ ግን ሺህ ላፕቶፕ በአንድ ውል ገዝቶ ሦስትና አራት ዓመት ያስጠግናል፤ ብልሽቱ ተመልሶ የሻጩ ወጪ ስለሚሆን ሠሪው በቀላሉ የሚፈታና የሚጠገን ዕቃ ለመሥራት ይገደዳል። የእኛ አሮጌ ላፕቶፕ ከዚህኛው መደብ ነበር፤ ስምንቱ ከዚያኛው። የጠራሁት ስም ትክክል ነበር፤ መደቡን ግን አልጠየቅሁም።

መደቡ ከታወቀ በኋላም ሞዴሉንና ዓመቱን መለየት ያሻል። አፕል በጥንቃቄ ሥራው የተመሰገነ ኩባንያ ነው፤ ሆኖም በ2015 ያወጣው ቀጭን ኪቦርድ በጥቂት አቧራ ስለሚደናቀፍ በ2018 በነጻ ለመጠገን ተገደደ፣ በ2020 ከሁሉም ላፕቶፖቹ አስወገደው፣ በ2022ም ክስ ላቀረቡ ደንበኞች 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በስሙ የተማመነ ሰው በ2014 ቢገዛ ረክቶ፣ በ2017 ቢገዛ አዝኖ ይኖራል።

የአገራችን ሁኔታ

የውጭ አገር ጥናት የማይነግረን ሌላም ነገር አለ፤ ዕቃው የሚሠራበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በአዲስ አበባ ያለው አየር በእኩል ሙቀት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ላፕቶፕ የሚቀዘቅዘው አየር በማራገብ ስለሆነ፣ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ሲሽከረከር ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያንኑ ያህል ያንሳል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ሌኖቮ ለብዙ የቲንክፓድ ሞዴሎች ባወጣው መመሪያ ላይ፣ እስከ 2,438 ሜትር ድረስ ዕቃው በ35 ዲግሪ ሙቀት እንዲሠራ ሲፈቅድ፣ ከዚያ በላይ ግን ጣሪያው 31.3 ዲግሪ እንዲሆን፣ ከፍታውም ከ3,048 ሜትር እንዳያልፍ ይወስናል። ደጋው ብርድ ነው ብለን ስለ ሙቀት ሳናስብ እንኖራለን። በሌላ በኩል ሰመራና ጋምቤላ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን የ35 ዲግሪውን ወሰን ብዙ ቀን አልፈው ይሠራሉ። ስለዚህ ቀጭንነቱ የተመሰገነ፣ ማራገቢያው ያነሰ ወይም ጨርሶ የሌለው ላፕቶፕ፣ አውቶካድና ከባድ ስሌት ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ መሐንዲስ አይመከርም። የአየር መግቢያው ከሥር ብቻ የሆነውንም በአልጋ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ፣ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ 220 ቮልቱ ራሱ ችግር አይሆንም። የሚጎዳው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚፈጠረው ድንገተኛ መዋዠቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት፣ ከተራ ዲቫይደርም ይልቅ መዋዠቅን የሚከላከለውን መጠቀም ወጪው አነስተኛ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት በአሥራ አንድ ቀን ሥራ ዋጋ ነው።

ምን እንጠይቅ?

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ የመጣችበትን አገር ስም ሰምተው ብቻ ገንዘብ አይቆጥሩም ነበር። ጥርሷን ገልጠው፣ ኮቴዋን አንሥተው፣ ጥቂት አስኪደው ያዩዋታል። ላፕቶፕ ሲገዛም እንዲሁ ሊደረግ ይገባል። በበኩሌ የሚከተሉትን ጥያቄዎች እመክራለሁ።

አንደኛ፣ መደቡ የመሥሪያ ቤት ነው ወይስ የቤት? የሞዴሉ ሙሉ ስምና ቁጥር ምንድን ነው? ሻጩ «ዴል ኮር አይ 7» ብቻ ብሎ ከመለሰ ገና አልመለሰም።

ሁለተኛ፣ ይፈታልን? ባትሪው፣ ራሙና ኤስ.ኤስ.ዲ.ው በብሎን ተፈትተው የሚለወጡ ናቸው ወይስ የተበየዱ? ዴል፣ ኤች.ፒ.ና ሌኖቮ ለመሥሪያ ቤት ሞዴሎቻቸው የአፈታት መመሪያ ለማንም ሰው ክፍት አድርገው ያወጣሉ። መመሪያውን ከግዥ በፊት ማንበብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ.ው የሚፈታ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ቢቃጠል እንኳ መረጃው የመትረፍ ዕድል አለው።

ሦስተኛ፣ መለዋወጫው በከተማችን ይገኛልን? ይህን ለማወቅ ወደ ሻጭ ከመሄድ በፊት ወደ ጠጋኝ መሄድ ይሻላል። ጠጋኙን «የትኛው ይበዛብሃል?» ብቻ ብሎ መጠየቅ ግን ያሳስታል፤ በብዛት የተሸጠው በብዛት ይመጣበታልና። «የትኛውን ጠግነህ ትመልሳለህ? የትኛውንስ አይሆንም ብለህ ትመልሳለህ?» ማለት ነው ትክክለኛው ጥያቄ።

አራተኛ፣ ዋስትናውን የሚፈጽመው ማን ነው? ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዕቃ የሦስት ዓመት ዋስትና ተጽፎበት ሊሆን ይችላል። እዚህ ተቀብሎ የሚጠግን ከሌለ ጽሑፉ ብቻውን አይረዳም። «የጦር ሠራዊት መለኪያ ያለፈ» የሚለውም ቃል እንዲሁ በጥንቃቄ ይታይ። ሚል ስታንዳርድ 810 የተባለው የአሜሪካ መለኪያ ብዙ ፈተናዎች አሉት፤ የትኛውን እንደሚፈትን የሚመርጠው ሠሪው ራሱ ነው፤ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ የመንግሥት አካልም የለም።

አምስተኛው ነጥብ ያገለገሉ ላፕቶፖችን ይመለከታል። በአስተማማኝነት ትምህርት፣ የብልሽት መጠን በዘመን ሲለካ የመታጠቢያ ገንዳ ቅርጽ እንደሚይዝ ተምረናል፤ በመጀመሪያ የፋብሪካ ጉድለት ያለባቸው ይወድቃሉ፣ ቀጥሎ ረጅም ጸጥታ ይሆናል፣ በመጨረሻ እርጅና ይመጣል። ውጭ አገር በመሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ያገለገለ ጥሩ ላፕቶፕ የመጀመሪያውን ፈተና አልፎ መጥቷል። በዚያው ገንዘብ ከሚገዛ ርካሽ አዲስ ዕቃ ሊበልጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የእርጅናው በር የት እንደሆነ መመርመር አለበት። ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የባትሪ ዘገባ የመጀመሪያውንና የአሁኑን አቅም ማወዳደር፣ የመለያ ቁጥሩን በሠሪው መዝገብ አስገብቶ እውነተኛ ዕድሜውን ማወቅ፣ የቀድሞ ባለቤቱ ቁልፍ ያልተነሣለት እንዳይሆን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ በታች የሆነ ማቀነባበሪያ ያለውን ዕቃ ዊንዶውስ 11 በይፋ እንደማይቀበለውም ልብ ማለት ይገባል።

ለግዥ ኮሚቴዎች

ብዙዎቻችን በመሥሪያ ቤታችን የዕቃ ዝርዝር መግለጫ እናዘጋጃለን። የመንግሥት ግዥ ሕግ በመግለጫው ላይ የንግድ ስም እንዳይጠቀስ፣ ግድ ሲሆንም «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ቃል እንዲጨመርበት ያዝዛል። እኛ ይህን እንደ እንቅፋት እናየዋለን፤ «ጥሩውን ስም እንዳንጽፍ ከልክሎን ርካሹ አሸነፈ» እንላለን። ርካሹ የሚያሸንፈው ግን እኛ የጻፍነው የማቀነባበሪያውን ፍጥነትና የራሙን መጠን ብቻ ስለሆነ ነው። ባትሪውና ኤስ.ኤስ.ዲ.ው በብሎን የሚፈቱ ይሁኑ፤ የአፈታት መመሪያው ይቅረብ፤ ሻጩ ቻርጀር፣ ባትሪና ኪቦርድ ለሦስት ዓመት እንደሚያቀርብ በውል ይግባ፤ ዕቃው ሥራው በሚካሄድበት ከፍታና ሙቀት እንዲሠራ የተፈቀደለት ይሁን ብለን ብንጽፍ ሕጉ አይከለክለንም። አስተማማኝነትን የምናገኘው በመስፈርት ስንጽፈው ነው።

መደምደሚያ

ስም ከንቱ ነው ለማለት አልቆምሁም። መልካም ስም ያለው ኩባንያ መለዋወጫና መመሪያ የማቅረብ ዕድሉ የሰፋ ነው። ስሙ የምርመራችን መነሻ ይሁን እንጂ ፍርዱ አይሁን ማለቴ ነው።

ያን ክረምት ቅየሳውን ከደገሙት ወጣቶች አንዱ ባለፈው ዓመት የራሱን ላፕቶፕ ሊገዛ ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ እኔ መጣ። «ኢንጂነር፣ የትኛው ስም ይሻላል?» አለኝ። ስም አልነገርሁትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ጠጋኙ ሄድን፤ ከዚያም ሦስት ሱቅ ዞርን፤ አንዱን ከፍተን አየን፤ የሁለቱን የመለያ ቁጥር አረጋገጥን። በመጨረሻ የገዛው ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ነው። መቼ እንደሚበላሽ አላውቅም፤ አንድ ቀን ይበላሻል። በተበላሸ ዕለት ግን ማን እንደሚከፍተው፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝና የሥራው ግልባጭ የት እንደተቀመጠ ባለቤቱ ያውቃል። እኔ ለስምንቱ ላፕቶፖች ያላደረግሁት ይህንኑ ነበር።